አልማዝ ባለ ጭራ፦ ሽፍታው ሳይወጣ የሚጀምረው ሕመም

የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስለ አልማዝ ባለ ጭራ ነው። ስሙን ያልሰማ የለም። ቆዳ ላይ ስለሚወጣ የቆዳ በሽታ ይመስለናል እንጂ መነሻውም ማደሪያውም ነርቭ ነው። የሚያደርሰው የከፋ ጉዳትም የነርቭ ጉዳት ነው፤ የዛሬው ወጋችን የሚያተኩረውም እዚያ ላይ ነው።

ከሩዝ አረም የገባ ሰው «ጀርባዬን አመመኝ» ቢል በወረታ ከተማ ዙሪያ ባለው የፎገራ ሜዳ ላይ ማን ይገረማል? ነሐሴ ላይ ቀኑን ሙሉ ውሃና ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የዋለ ሁሉ ወገቡን ይይዘዋል። ቅባት ይቀባል፣ ይታሻል፣ ያድራል፤ በማግስቱ ያው አረም ይጠብቀዋል። አልማዝ ባለ ጭራም አመጣጡ እንዲሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሽፍታ ከመውጣቱ ከ1 እስከ 5 ቀን ቀደም ብሎ በሕመም ይጀምራል። በእነዚያ ቀናት ቆዳው ላይ የሚታይ ምንም ነገር ስለሌለ ሕመሙ በድካም ይሳበባል። ጎን ላይ ከሆነ የሳምባ ምች ይባላል፣ ሆድ ላይ ከሆነ የትርፍ አንጀት ይመስላል፣ ደረት ላይ ከሆነ ደግሞ ልብ ነው ተብሎ ቤተሰቡ ይጨነቃል።

ታዲያ የድካሙን ሕመም ከዚህኛው በምን እንለየዋለን? አንድ አዛውንት ከአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ሲነጋገሩ ይታያችሁ። «አባባ፣ የሚያምዎት በሁለቱም ጎን ነው ወይስ በአንዱ?» ትላቸዋለች። «በግራዬ ብቻ ነው፣ ልጄ።» «ልብስ ሲነካዎትስ?» «እሱማ አታንሽው! ሸሚዙ ገና ሲያርፍብኝ ያቃጥለኛል። ሌሊት ጋቢውን ገፍፌ ነው የማድረው።» ባለሙያዋ ከዚህ በላይ ብዙ መጠየቅ አያስፈልጋትም። የድካም ሕመም ሲተኙ ይቀላል፣ ሲታሹት ይለቃል። ይህኛው ግን በአንድ ወገን ብቻ ተወስኖ ያቃጥላል፣ ይወጋል፣ ያሳክካል፤ በእጅ ሲታሽ ይብሳል፣ ሌሊት ደግሞ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ቀላ ብሎ የተሰባሰበ ሽፍታ ይወጣል፤ ሽፍታው ውሃ ይቋጥራል፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ደርቆ ቅርፊት ያበጃል፤ በ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ቅርፊቱ ይረግፋል።

ይህ እንግዳ ከየት መጣ? ከውጭ አልመጣም። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ጉድፍ ወጥቶብናል። ትኩሳት፣ በመላ አካል ላይ የሚበተን የሚያሳክክ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ፣ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ድኖ ወደ ጨዋታ። እናቶቻችን «ወጣለት» ብለው ይረሱታል። ቫይረሱ ግን ከሰውነታችን አይወጣም። በነርቭ በኩል ተጉዞ፣ ከአከርካሪ አጥንት ጎንና ከራስ ቅል ሥር ባሉት የነርቭ ሥሮች ውስጥ ገብቶ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ሃምሳና ስልሳ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም ሰውነትን የሚጠብቀው ኃይል ሲዳከም እንደገና ይነሣና በመጣበት ነርቭ ተመልሶ ወደ ቆዳ ይወርዳል። ስለዚህ ጉድፍና አልማዝ ባለ ጭራ የአንድ ቫይረስ ሁለት መልኮች ናቸው።

ይህን ሐሳብ አስተካክሎ ያስቀመጠው በትልቅ ከተማ ቤተ ሙከራ የተቀመጠ ሊቅ አይደለም፤ የገጠር ሐኪም ነው። ቀድሞ በ1892 እ.ኤ.አ. በቡዳፔስት የነበረው ሐኪም ፎን ቦካይ፣ አንድ አዋቂ አልማዝ ባለ ጭራ ሲይዘው በቤቱ ያሉ ልጆች ላይ ጉድፍ እንደሚወጣ አስተውሎ ነበር። ያ የገጠር ሐኪም፣ ኤድጋር ሆፕ ሲምፕሰን የተባለው እንግሊዛዊ፣ ደግሞ ሳይረንሴስተር በምትባል አነስተኛ ከተማ ያክማቸው የነበሩትን ሰዎች መዝገብ ለ16 ዓመት ያህል እየያዘ፣ ማን መቼ እንደታመመ ቆጠረ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደ ወረርሽኝ እንደማይዛመት፣ በዕድሜ እየጨመረ እንደሚሄድ አየ። በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፉ፣ ቫይረሱ በነርቭ ሥር ተደብቆ ቆይቶ ይነሣል የሚለውን ሐሳብ አጸና። በየጤና ጣቢያችን የሚሞላው መዝገብ እንዲህ ያለ ፍሬ ሊሰጥ እንደሚችል ሳስብ፣ መዝገብ የሚሞሉትን ባለሙያዎቻችንን «በርቱ» ማለት እወዳለሁ።

አሁን ሽፍታው ለምን በአንድ ጎን ብቻ እንደሚወጣ እንይ። ፎገራ ላይ በቦይ የሚጠጣ ማሳ ያለው ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከአከርካሪ አጥንት በግራና በቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚወጣው እያንዳንዱ ነርቭ፣ የራሱ ድርሻ የሆነች አንዲት ቀጭን መሬት እንዳለችው ቦይ ነው። የግራው ቦይ የግራውን ማሳ ብቻ ያጠጣል፤ የቀኙም እንዲሁ። ቫይረሱ በአንዱ ቦይ ሲወርድ የዚያን ቦይ ማሳ ያጥለቀልቃል እንጂ ወሰን አይሻገርም። ወሰኑ ደግሞ በፊት በኩል በደረትና በእምብርት መሐል የሚወርደው መስመር፣ በኋላ በኩል አከርካሪው ነው። «ዞሮ ጭራና ራሱ ከገጠመ ይገድላል» የሚባለው ወሬ መሠረት የሌለው ለዚህ ነው። በተለመደው ሁኔታ አይገጥምም። ቢገጥምና በሁለቱም ወገን ወይም በመላ አካል ላይ ቢበተን ደግሞ የሚናገረው ነገር አለው፤ የሰውነት መከላከያ በጣም ተዳክሟል ማለት ነውና ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ላይ ታሪኩ እዚህ ያበቃል፤ ይወጣል፣ ያማል፣ ይድናል። ዛሬ ማይክሮፎን ፊት ያስቀመጠን ግን በጥቂቶች ላይ የሚደርሰው ነገር ነው።

ከሁሉም በብዛት የሚያጋጥመው፣ ሽፍታው ድኖ ሕመሙ ሳይለቅ የሚቆይበት ሁኔታ ነው። በአሜሪካ የተሠሩ ግምቶች ከ100 ታማሚዎች ከ10 እስከ 18 በሚሆኑት ላይ ይህ እንደሚደርስ ያሳያሉ። ወጣቱ ላይ ብዙም አይታይም፤ ከስልሳ ዓመት በላይ ያለው ላይ ይጠነክራል። ቆዳው ደህና ይመስላል፤ ነርቩ ግን ተጎድቷልና የሌለ እሳት ይዘግባል። ከሦስት ወር በላይ፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ቤተሰብ «ምን ሆንክ? ድነሃል እኮ!» ሲል፣ ሰውየው የሚያሳየው ቁስል ስለሌለው ይሸማቀቃል። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው፤ ሰነፍ ብሎ ማለፍ አይገባም።

ሁለተኛው ፊት ላይ የሚወጣው ነው። በግንባርና በዐይን ቆብ ላይ ከወጣ ዐይን ሊያጠፋ ይችላል። አንድ ምልክት ያዙልኝ፤ ሽፍታው በአፍንጫ ጫፍ ወይም በአፍንጫ ጎን ላይ ከታየ፣ ያ ነርቭ የዐይኑን ውስጥ የሚያገለግል ስለሆነ ዐይኑም የመጎዳቱ ዕድል ከፍ ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ዐይኑ ገና ባይቀላም፣ ባይደበዝዝም፣ ወደ ዐይን ሐኪም መላክ አለበት። ከሰፈር ሱቅ የተገዛ የዐይን ጠብታ አይጨመርበት፤ አንዳንዱ ጠብታ ያባብሳል። በዐይን አካባቢ ከወጣ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ደግሞ፣ ቫይረሱ የአንጎል የደም ሥሮችን ስለሚያስቆጣ፣ በጥቂት ሰዎች ላይ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል።

ሦስተኛው ላይ ቆም ብዬ ማውራት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እኛ አገር ሌላ ስም አለው። አንድ ሰው ጠዋት ሲነሣ ፊቱ በአንድ ወገን ወድቆ፣ አፉ ተጣሞ፣ ዐይኑ አልከደን ቢለው «ምች መታው» ይባላል። ዳማ ከሴ ይታሻል፣ ይሸተታል፣ ይጠጣል። ዳማ ከሴን ለማጣጣል አይደለም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ያላሸተተው ማን አለ? ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በድንገት የሚመጣው የፊት ነርቭ መዛል በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታትና በወራት ውስጥ በራሱ እየተሻለ ይሄዳል። ታዲያ ምስጋናውን ዳማ ከሴው ይወስዳል። ችግሩ ግን በዚሁ ስም ሥር የሚደበቀው ሌላው ነው። በ1907 እ.ኤ.አ. ጄምስ ራምሴ ሃንት የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም እንደገለጸው፣ ያው የጉድፍ ቫይረስ በፊት ነርቭ ሥር ሲነሣ ፊት ይዝላል፣ ጆሮ ውስጥ ኃይለኛ ሕመም ይመጣል፣ በጆሮው ቀዳዳ ወይም ዙሪያው ላይ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ሽፍቶች ይታያሉ። ጆሮ ሊጮህ፣ መስማት ሊቀንስ፣ ራስ ሊዞር፣ የምግብ ጣዕም ሊጠፋ ይችላል። ወጣቶች አድማጮቻችን ታስታውሱ ይሆናል፤ ካናዳዊው ዘፋኝ ጀስቲን ቢበር በ2022 እ.ኤ.አ. ግማሽ ፊቱ አልንቀሳቀስ ብሎት ትርኢቶቹን ያቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ይህኛው እንደ ተራው የፊት መዛል ቶሎ አይለቅም፤ ሕክምናው ከዘገየ ፊት እንደተጣመመ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ፊቱ የወደቀ ሰው ስታዩ፣ ከምንም በፊት ጆሮውን በብርሃን እዩለት።

እዚህ ላይ ስትሮክንም እንለየው። ግንባሩን ሽብሽብ እንዲያደርግ ንገሩት። ፊቱ ወድቆ ግንባሩ ግን በሁለቱም በኩል ከተሸበሸበ፣ ወይም እጁ ወይም እግሩ አብሮ ከዛለ፣ ወይም አንደበቱ ከተያዘ፣ ነገሩ የአንጎል ነውና አትጠብቁ፤ መኪና ፈልጉ። ግንባሩም ካልተሸበሸበ፣ ዐይኑም ካልከደነ፣ ጉዳቱ የፊት ነርቭ ላይ የመሆኑ ዕድል ይበልጣል። ያም ቢሆን በዚያው ቀን ለባለሙያ መታየት አለበት።

ሌላው በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚደርሰው፣ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ አብሮ ሲጎዳ ነው። ሽፍታው ትከሻ ላይ ከወጣ ከቀናት በኋላ ክንድ አልነሣ ይላል፤ ጭን ላይ ከወጣ ጉልበት ይከዳል። ሽፍታው መቀመጫና ብልት አካባቢ ሲወጣ ሽንት ሊታገድ ይችላል። ሽማግሌዎች ስለሚያፍሩ አይናገሩትም፤ ሽንት እምቢ ካለ ግን ሰዓታትም ዋጋ አላቸው።

ፎገራ ላይ «እግሬ ከዳኝ» የሚል ሰው ደግሞ ወዲያው ሌላ ነገር ይታሰበዋል። ጓያ! ታላላቆቻችን ይህን ያውቁታል። በእኛ አካባቢ በችግር ጊዜ ጓያ በብዛት ተበልቶ ብዙ ሰው እግሩ ሽባ ሆኗል። የአገራችን የነርቭ ሕክምና ፈር ቀዳጅ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ያለውን የጓያ ሽባነት አጥንተው በ1990 እ.ኤ.አ. ለዓለም አስነብበዋል። የጓያው በሽታ ግን ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ እግሩ ይገትራል፣ ሰውየው በእግር ጣቱ እየረገጠ በምርኩዝ ይሄዳል፤ ቃጠሎም ሽፍታም የለውም። የአልማዝ ባለ ጭራው መዛል በአንድ ወገን፣ ሽፍታው በወጣበት አካባቢ ነው፤ ጡንቻውም ይለሰልሳል እንጂ አይገትርም። ሁለቱም እግር በቀናት ውስጥ ከዛለና የጀርባ ሕመም ወይም የሽንት መታገድ ካለ፣ የኅብለ ሰረሰር መቆጣት ሊሆን ይችላልና ወደ ሆስፒታል ነው።

በልጆች በኩል አንድ ነገር ላንሳና ልለፍ። ጉድፍ ራሱ፣ ማለትም የመጀመሪያው ሕመም፣ ከ4,000 ልጆች በአንዱ ያህል ላይ የትንሹን አንጎል መቆጣት ያመጣል። ልጁ እንደሰከረ ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይጎተታል። አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይድናል፤ ትኩሳትና ራስ ምታት ከበረታ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ግን አትጠብቁ። ጉድፍ ለወጣበት ልጅ አስፕሪን አትስጡ፤ በጉበትና በአንጎል ላይ ከባድ ጉዳት ሊያመጣበት ይችላል። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ደግሞ በድንገት እጁ ወይም እግሩ ከዛለ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ተናገሩ። የልጅነት ልምሻን ለመቆጣጠር የሰገራ ናሙና መዛሉ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ መወሰድ አለበት። የልጅነት ልምሻም እኮ አብዛኛውን ልጅ ሳያሳምም የሚያልፍ፣ ጥቂቶችን ብቻ ሽባ የሚያደርግ ቫይረስ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። አልማዝ ባለ ጭራን ሰው የሚደብቀው ለምንድን ነው?

ዕድሜያችሁ ከአርባ በላይ የሆነ ታስታውሳላችሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመተ ምሕረት፣ ገና በጎልማሳነቱ አልማዝ ባለ ጭራ የወጣበት ሰው ሲታይ ሰፈሩ ይንሾካሾክ ነበር። ሹክሹክታው ከምንም አልተነሣም። ኤች አይ ቪ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም የጉድፍ ቫይረሱ በወጣትነት ይነሣል፤ በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ የዐይን ሐኪሞች በጥናት ያዩዋቸው፣ ዐይናቸው አካባቢ የወጣባቸው ሕሙማን አብዛኞቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው የነበረ ነው። መድኃኒት አልነበረም፤ ሽፍታው እንደ ሞት ፍርድ ይነበብ ነበር። ሰውም በሻሽ ሸፈነው፣ ቤቱን ዘጋ፣ «ሸረሪት ነካኝ፣ ነፍሳት አቃጠለኝ» አለ።

ዛሬ ያ ዘመን አልፏል። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ሃያ ዓመት አልፏል። ፍርሃቱ ግን ከዘመኑ ይልቅ ረዥም ዕድሜ አለው። የሰባ ዓመት አሮጊት፣ በዕድሜ ምክንያት ብቻ የወጣባቸው፣ «ጎረቤት ምን ይለኛል» ብለው በነጠላ ሸፍነው ይቀመጣሉ። ከዚያም የሚያጡት ነገር የዛሬው ዋና ጉዳያችን ነው፤ ሦስት ቀን። ቫይረሱን የሚያዳክመው መድኃኒት በደንብ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ሽፍታው ከወጣ የመጀመሪያው ቀን በአረም ሥራ ተሳብቦ፣ ሁለተኛው በነፍሳት፣ ሦስተኛው በእፍረት ካለፈ፣ በአራተኛው ቀን ጤና ጣቢያ የደረሰ ሰው ዋናውን ዕድል አሳልፏል።

በሌላ ስም የሚጠራ በሽታ ጊዜ እንደሚበላ አካባቢያችን ያውቀዋል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ካላዛር የተባለው በሽታ ሲነሣ፣ ብዙው ሰው ወባ ነው ተብሎ በወባ መድኃኒት ሲታከም ቆይቶ ነው በሽታው በስሙ የተጠራው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምና ከመጀመራቸው በፊት የሞተው ሞቷል። አልማዝ ባለ ጭራ እንደዚያ አይገድልም፤ የሚሰወርበት መንገድ ግን አንድ ነው።

ስለዚህ ወደ ፍርሃቱ እንመለስና፣ የኤች አይ ቪ ምርመራን በተመለከተ በግልጽ እንነጋገር። አልማዝ ባለ ጭራ የወጣበት ሁሉ ኤች አይ ቪ አለበት ማለት አይደለም። በአሜሪካ ከ3 ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይይዘዋል ተብሎ ይገመታል፤ ዋናው ምክንያት ዕድሜ ነው። ስኳር፣ የካንሰር ሕክምና፣ ለረዥም ጊዜ የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶችም ያነሣሡታል። ይሁን እንጂ ባለሙያው «ምርመራ እናድርግ» ሲል ስድብ አይደለም፤ በተለይ ዕድሜው ከሃምሳ በታች ከሆነ ማወቁ ሕይወት ያተርፋል። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሽፍታው የወጣበት ሰውም አይደናገጥ። የሰውነት መከላከያ እየነቃ ሲመጣ ይህ ይታያል፤ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ እንዳያቋርጠው።

ሕክምናው ምንድን ነው? ዋናው አሲክሎቪር የሚባል እንክብል ነው። ከፈለሰፉት ቡድን መካከል የነበረችው ገርትሩድ ኢሊየን በ1988 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዷ ናት። ለአዋቂ ሰው በቀን 5 ጊዜ፣ ለ7 ቀን ይታዘዛል። በቀን 5 ጊዜ መዋጥ አስቸጋሪ ነው፤ ከሥራ መካከል ይረሳል። ስለዚህ ከምግብና ከጸሎት ሰዓታችሁ ጋር አያይዙት፤ ውሃ በደንብ ጠጡ፤ የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ለሐኪሙ ይናገር፣ መጠኑ ይስተካከልለታልና። ዐይን ወይም ፊት ከተነካ፣ አዲስ ሽፍታ አሁንም እየወጣ ከሆነ፣ ወይም መከላከያ የተዳከመ ከሆነ፣ 72 ሰዓት ቢያልፍም መድኃኒቱ ይሰጣል፤ «አለፈኝ» ብላችሁ አትቅሩ። «መርፌ ውጉኝ» እያለ ባለሙያውን የሚያስጨንቅ አድማጭ ካለ ደግሞ፣ ቁስሉ ካላመረቀዘ በስተቀር የአንቲባዮቲክ መርፌ ለዚህ ቫይረስ ምንም አይሠራም።

ሽፍታው ላይ ጭቃ፣ አመድ፣ የቅጠል ጭማቂ አትለጥፉ፤ ቆዳው ይመርዛል፣ ጠባሳ ይተዋል። በንጹሕ ውሃና ሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ለስለስ ባለ ንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ይጠመቅ፤ እንክብሉንም በሰዓቱ ይዋጥ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ነሐሴ ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ናበጋንና ዋገጠራን የመሳሰሉ ቀበሌዎች ውሃ ውስጥ ሲገቡ ይህን ሁሉ ማድረግ እንደማይቀል አውቃለሁ። ቤቱ በውሃ የተከበበ ሰው «72 ሰዓት» ሲባል ይስቅ ይሆናል። ቢያንስ ግን በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስልክ ደውሉ፤ በጀልባም ይሁን በታንኳ በሚሻገር ዘመድ መድኃኒት ማስመጣት ይቻል እንደሆነ ከጤና ጣቢያው ጋር ትነጋገራለች። ዐይን፣ ጆሮ፣ ሽንት ወይም የእግር መዛል ካለ ግን ሰውየው ራሱ ነው መሻገር ያለበት። ከወረታ ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር፣ ባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይተላለፋል ወይ ለሚለው፦ አልማዝ ባለ ጭራ ራሱ አይተላለፍም። ጉድፍ ይዞት የማያውቅ ሰው ግን ውሃ የቋጠረውን ሽፍታ ቢነካ ጉድፍ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ቅርፊት እስኪያበጅ ድረስ ሽፍታው ተሸፍኖ ይቆይ፤ ጉድፍ ያልወጣባት ነፍሰ ጡር፣ አራስ ሕፃንና መከላከያው የተዳከመ ሰው አይንኩት። ከዚያ ውጪ አብሮ መብላት፣ አብሮ መቀመጥ ምንም አያመጣም፤ ምጣድና መሶብ መለየት አያስፈልግም። ክትባትን በተመለከተ፣ የጉድፍ ክትባት በአገራችን መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ አልገባም። ለአዛውንቶች የሚሰጥ በ2 ዙር የሚወሰድ የአልማዝ ባለ ጭራ ክትባትም በአሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. ጸድቋል፤ እኛ ዘንድ መደበኛ አገልግሎት አይደለም። ለጊዜው የእኛ መሣሪያ ቶሎ መታየት ነው።

በመጨረሻ ሽፍታው ድኖ የነርቭ ጉዳቱ ላልለቀቃቸው። ፊቱ የዛለና ዐይኑ የማይከደን ሰው ሌሊት ዐይኑን በዐይን ቅባት አርሶ በቀስታ በፕላስተር ይክደነው፤ ቀን ደግሞ ከአቧራ ይጠብቀው፣ አለበለዚያ የዐይኑ መስታወት ይቆስላል። ቃጠሎው ላልለቀቀው ፓራሲታሞል ብዙም አይረዳም፤ ሐኪም አሚትሪፕቲሊን የተባለ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። መድኃኒት ቤቱ «ይህ የድብርት መድኃኒት ነው» ቢላችሁ አትደናገጡ፤ በአነስተኛ መጠን የነርቭን ሕመም ያረጋጋል። ማታ ማታ ይወሰዳል፤ እንቅልፍ ያመጣል፣ አፍ ያደርቃል፤ አዛውንቶች ሌሊት ሲነሡ እንዳይወድቁ በትንሽ መጠን ይጀመርላቸዋል። በማግስቱ አይሠራም፤ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። በሁለተኛው ቀን «አልረዳኝም» ብሎ መጣል ሳይሆን፣ በቀጠሮው ቀን ተመልሶ መጠኑን ማስተካከል ነው የሚያዋጣው።